የቱልጋ ሰዎች ጎሳ ያገኙበት ቀን

መኪናው በዴሳ ሲደርስ ሽማግሌው ኤርካሎ እንደ ቀጠሮው ደጁ ላይ ቆሞ አልጠበቃቸውም።

ሾፌሩ ጌታነህ ላንድክሩዘሩን አጥሩ ሥር አቁሞ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። የወጣችው የኤርካሎ ሚስት ናት፤ መቀነቷን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ።

"ወባ ጥሎታል" አለች። "ብርድ ልብስ ደራርበንለት እንኳ አልጋው ይንቀጠቀጣል።"

ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው አቶ በኃይሉ፣ የወረዳ አዋቃሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የማኅተሙን ሳጥን ከጭኑ ላይ ሳያነሳ፣ "ደግፈን ብናስገባውስ?" ሲል ጠየቀ።

ሴትየዋ መኪናውን ከጎማው እስከ ጣራው አየችው። "ደሴት ድረስ ሬሳ ወስዳችሁ ነው የምታስምሉት?" አለችና ተመልሳ ገባች።

ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያውና ከተጠቀለለው ባንዲራ ጎን የተቀመጠችው መምህርት ፋንታዬ እጇን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ቀረች። ስለ ኤርካሎ ጤና ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ያዘነችው ግን ለራሷ ነበር።

ዘመኑ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ የራሷን ዞን ካገኘች ገና ዓመት ያልሞላበት ነው። ትናንት የአራት ሕዝብ ቋንቋ ተጨፍልቆ የታተመበት የትምህርት መጽሐፍ መንገድ ላይ ተቃጥሎ፣ ሰው ሞቶ፣ መምህር ታስሮ የተገኘ ዞን ነው። ዛሬ ደግሞ ዞን ያገኘው ሁሉ ወረዳ ይፈልጋል፤ ወረዳ ያገኘው ድንበር ይፈልጋል፤ ድንበሩ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ማንም አስታውሷቸው የማያውቅ ሰዎች ተቀምጠው ይገኛሉ። በአባያ ሐይቅ ላይ ያሉት የቱልጋ ደሴቶች እንዲህ ያሉ ነበሩ። ነገሥታቱም ደርጉም ግብር ለመሰብሰብ እንኳ ውሃውን መሻገር ሰንፈው የተዋቸውን ዓሣ አጥማጆች፣ አሁን ሁለት ዞኖች "የኔ ናቸው፣ የኔ ናቸው" እያሉ ይጎትቷቸው ጀመር። ሕዝባቸው ለወረዳ እንደማይበቃ የማያውቅ አልነበረም። ጠብ ሲነሳ ግን ቁጥር ይረሳል።

የቱልጋ ሰዎች ጎሳ የላቸውም። ነገሩ ሁሉ የሚተበተበው እዚህ ላይ ነው። ወላይታ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚጠይቀው ጎሳን ነው። ማላ ነህ ዶጋላ? ከማላስ የየትኛው ቤት? ይህን ያልመለሰ ሰው ዘመድ ሊሆን አይችልም፤ ጠላት እንኳ ለመሆን አይበቃም። የአንድ ጎሳ ልጆች ደግሞ ወንድምና እህት ናቸውና አይጋቡም። አቶ በኃይሉም መላ ዘየደ፤ አንድ የታወቀ ሽማግሌ ደሴቱ ድረስ ሄዶ የቱልጋን ሕዝብ በመሐላ ወደ ጎሳው ያስገባ፤ ከዚያ ወዲያ ቱልጋ ወላይታ አይደለም የሚል ይምጣና ይከራከር! ኤርካሎ እሺ ብሎ ነበር።

ፋንታዬ የቱልጋ ልጅ ናት። በልጅነቷ የሚሲዮን ጀልባ ወስዶ ሶዶ አዳሪ ቤት አስገባት፤ ከደሴቶቹ ፊደል የቆጠረ ከእሷ በቀር ማንም የለም። በአዳሪ ቤቱ የእናቷን ቋንቋ የሚመልስላት ሰው ስላጣች፣ እንዳይጠፋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታወራ ነበር። ውሃ በቱልጋ እንዲህ ነው፤ አክስት እንዲህ ነው፤ ነይ ማለት እንዲህ ነው። ግድግዳው አንድም ቀን ነይ አላላትም። አሁን ሠላሳ ልትሞላ ነው፤ ቦዲቲ የሚያስተምር ኤልሳዕ የሚባል ሰው ይወዳታል። የኤልሳዕ አባት ግን "ጎሳዋ ማን ነው?" ብሎ ጠይቆ፣ "የደሴት ልጅ ናት" ሲሉት ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ቦዲቲ አውቶቡስ መሳፈሪያው ላይ ኤልሳዕ እጇን ይዞ፣ "አንቺ ብቻ ጎሳ ይዘሽ ነይ፤ የቀረው የኔ ነው" ብሏት ነበር፤ እየሳቀ፣ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ ሳይደርስ።

ዛሬ ጎሳ ልታመጣ ነበር የመጣችው። የኤርካሎን፤ የኤልሳዕ ያልሆነውን።

"እንግዲህ ሌላ ቀን ይሁን" አለች።

አቶ በኃይሉ ዞር እንኳ አላለም። "ነገ ከማዶ ያለው ዞን ኮሚቴ ደሴቱ ላይ ይወርዳል። ሌላ ቀን የሚባል የለም፣ መምህርት። ጌታነህ፣ ወደ ከብት ገበያው ንዳ። ቦልቴ ከዚያ አይጠፋም።"

ፋንታዬ የመኪናውን በር እጀታ ያዘች። ቦልቴ የኤልሳዕ አባት ነው።

ቦልቴ በበሬ ዋጋ እየተከራከረ ተገኘ። ረዥም፣ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ነገሩ ሲነገረው የበሬውን ገመድ ለወንድሙ አስጨበጠና ሁለተኛ ሳይጠይቅ ከፋንታዬ ጎን ገብቶ ተቀመጠ። ቦልቴ በመንግሥት ጉዳይ ላይ ሲሆን ከአማርኛ በቀር አይናገርም፤ በመጽሐፉ ጊዜ ስለ ቋንቋው የታሰረው በኃይሉ በወላይትኛ ቢያናግረውም እሱ በአማርኛ ይመልሳል። በአማርኛው ደግሞ ወንዱም ሴቱም "አንተ" ነው።

"ደህና ነህ፣ ልጄ?" አላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ቦልቴ።"

"በሬው ተሸጠ?" አለ ጌታነህ በመስታወቱ እያየ።

"በሬ ነገም ይሸጣል። ሕዝብ ግን በየቀኑ አይወለድም።"

"በስተርጅና ስንት መቶ ልጅ በአንድ ቀን! እማማ ሰምተዋል?"

ቦልቴ ሳቀ። በኃይሉም ሳቀ። መኪናው ከበዴሳ ቁልቁል ወደ ቢላቴ ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ እየከበደ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሰው እየራቀ ሄደ። ፋንታዬ ከሦስት ሰዎች ጋር በአንድ መኪና ውስጥ ነበረች፤ ነገር ግን ጉልበቷ የቦልቴን ካፖርት እንዳይነካ ወደ በሩ ተጠግታ፣ ለብቻዋ የምትጓዝ ያህል ነበር።

ከሐይቁ ዳር መኪናው ቆመ። የአባያ ውሃ እንደ ሸክላ አፈር ቀይ ነው። የቱልጋ ሰዎች ከቀላል እንጨት አስረው የሠሯቸውን ሁለት ታንኳዎች ይዘው፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

"እናንተ ሂዱ" አለ ጌታነህ። "የተቀጠርኩት መኪና ልነዳ ነው፤ ለአዞ ምሳ ልሆን አይደለም።"

በአንደኛው ታንኳ በኃይሉ ገባ፤ የማኅተሙን ሳጥን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሕፃን ለክርስትና ይዞ የሚሻገር ይመስላል። ከመግባቱ በፊት ግን ፋንታዬ እጅጌውን ይዛ አስቆመችው።

"አቶ በኃይሉ፣ ለምን ታሰሩ?"

"ምን?"

"ያን ጊዜ፣ ስለ መጽሐፉ። ሰውን ሳትጠይቁ ቋንቋውን አትቀላቅሉ ብለው አይደለም የታሰሩት? ዛሬ እርስዎ ሰውን ሳይጠይቁ ደሙን ሊቀላቅሉ ነው።"

የበኃይሉ ፊት ቀላ። "ያ ሌላ ነው! እነሱ ሊያጠፉን ነበር። እኔ ለነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ላመጣ ነው። ክሊኒክ ላመጣ ነው። ደግሞ እንጠይቃለን እንጂ! አንቺን ያመጣሁሽ ለምን ሆነና? ጠይቂልኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስር ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፣ መምህርት። ስም የሌለውን ሰው ማንም አይፈታውም።"

ሰውየው ውሸታም አልነበረም። ይህ ነው የሚያናድደው። የተጨቆነ ሰው ሥልጣን ሲይዝ የሚሠራው ግፍ ለራሱ እንደ ውለታ ይታየዋል፤ ስለዚህም የሚያፍርበት ነገር አያገኝም።

ፋንታዬና ቦልቴ በሁለተኛው ታንኳ ተቀመጡ። ቀዛፊው የቱልጋ ሰው ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ዳርቻው ሲርቅ ቦልቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አንተ በኔ ተቀይመሃል" አላት።

ፋንታዬ ዓይኗን ቀዩ ውሃ ላይ ተከለች።

"እውነትህን ነው። ነገር ግን አስብ፤ የልጅ ልጄ ሜዳ ላይ ሲጫወት፣ ‘እናትህ የማን ወገን ናት?’ ሲሉት ምን ብሎ ይመልስ? ዝም ይበል? እኔ አንተን ጠልቼ አይደለም። ማታ ማታ ስለ አንተ እጸልይ ነበር፤ ‘ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ልጅ አባት ስጣት’ እያልኩ። ዛሬ በሬ ስሸጥ መኪናው መጣ።" እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። "ልጄን አልሰጠሁህም፤ ዛሬ አባት እሰጥሃለሁ።"

ፋንታዬ ፊቱን አየች። ከፊቱ ላይ ተንኮል ፈለገች፤ ቢገኝ እፎይ ትል ነበር። አልነበረም።

"ጋሽ ቦልቴ፣ ኤልሳዕ እኮ ወንድሜ ይሆናል ማለት ነው።"

"ወንድም ለሌለው ሰው ወንድም ማግኘት ትንሽ ነገር ነው?" አለ ቦልቴ፣ ከልቡ።

ታንኳው ደሴቱን ሲጠጋ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

የቱልጋ ሰዎች ታንኳ በሚታሰርበት ዳስ ሥር ተሰብስበዋል። ሽማግሌያቸው ጩማ ያረጀ ታንኳ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የፋንታዬ አክስት ቦሼ አለች፤ አጭር፣ ጥርሷ የረገፈ፣ ምላሷ ግን ያልረገፈ። ፋንታዬን አገጯን ይዛ አገላብጣ አየቻትና "ከሳሽ" ብላ ብቻ ለቀቀቻት።

በኃይሉ በድምፅ ማጉያ ተናገረ፤ ሕዝቡ በእጁ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ላይ ተቀምጦ ሳለ። ትምህርት ቤት አለ። የጤና ጣቢያ፣ የሞተር ጀልባ፣ የራሳችሁ ሊቀመንበር አለ። ፋንታዬ ተረጎመች፤ ትምህርት ቤት የሚለውን ሁለቴ ደገመችው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ከዚያ ስለ ጎሳው ተነገረ።

እዚህ ላይ ፋንታዬ ቆመች። በቱልጋ ቋንቋ ጎሳ የሚል ቃል የለም። የቱልጋ ሰው ሰውን ሲጠይቅ "የማን ታንኳ ነህ?" ይላል። ከአንድ ታንኳ የወጡ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም፤ ለጋብቻ ከሌላ ታንኳ ይፈለጋል። ሌላ ቃል ስላላገኘች ያንኑ ተጠቀመች።

"ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም የዚህ ሽማግሌ ታንኳ ትሆናላችሁ እያሉ ነው" አለች።

ከዚያ ቦሼ ተነሥታ በዱላዋ ባሏን ጎነጠችው።

"ተነሥ! ወንድሜ ሆነሃል። ዛሬውኑ ጎጆ ለይተህ ውጣ!"

"አርባ ዓመት ሙሉ ስትፈልጊው የኖርሽው ይህንን አልነበር?" አለ ባሏ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንዱ ወጣት ሚስቱን እያመለከተ መጮህ ጀመረ፤ ሌላው መቅዘፊያውን አነሣ። ጩማ ከተቀመጠበት ቆመ።

"ልጄ ፋንታዬ" አለ፣ "ይህ ሰው ልጆቻችንን ሁሉ የነውር ልጆች ሊያደርጋቸው ነው የመጣው?"

በኃይሉ ከሁካታው አንድ ቃል አልገባውም። ሳጥኑን ጨብጦ ወደ ፋንታዬ ጠጋ አለ። "ምን ይላሉ? እምቢ ነው?"

አንድ "አዎ" ይበቃት ነበር። አዎ፣ እምቢ አሉ፤ ታንኳ ውስጥ ገብተን እንመለስ። ውሸት እንኳ አይሆንም። ቦልቴ ወደ በሬው ይመለሳል። ኤርካሎ ሲሻለው ምናልባት ሌላ ቀን ይገኛል፤ ምናልባትም ነገ ከማዶ የሚመጡት ደሴቱን ይወስዱታል፤ እሷም ጎሳ የሌላት፣ ግን የማንም እህት ያልሆነች ሴት ሆና ቦዲቲ አውቶቡስ መሳፈሪያ ላይ ትቆማለች። አፏን ከፈተች።

የቱልጋ ልጆች እናቶቻቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው ያዩአታል። ትምህርት ቤቱ ከቀረ፣ ከመካከላቸው ማንን ይሆን ቀጣዩ ጀልባ የሚወስደው? ማን ይሆን ከግድግዳ ጋር የሚያወራው?

"አልገባቸውም" አለች ለበኃይሉ። "ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቆዩ።"

ከዚያም ወደ ወገኖቿ ዞረች።

"ጎሳ ታንኳ አይደለም" አለች። "ተሳስቼ ነው። ጎሳ ታንኳ የሚታሰርበት ግንድ ነው። የየብስ ሰዎች ዳርቻው ላይ የየራሳቸው ግንድ አላቸው፤ ግንድ የሌለውን ታንኳ ሞገድ ይወስደዋል፤ ያገኘውም ‘የኔ ነው’ ይላል። ይህ ሰው ግንዱን ሊያውሳችሁ ነው የመጣው። ታንኳዎቻችሁ እንደነበሩ ናቸው። በውሃው ላይ እንደ ድሯችሁ ትጋባላችሁ። በየብስ ግን፣ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ የቦልቴ ልጆች ናችሁ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መቅዘፊያው ወረደ።

ጩማ ጢሙን እየዳሰሰ ጠየቀ። "ሴት ልጃችን ለየብስ ሰው መዳር ብትፈልግስ?"

"ለሌላው ትዳራለች" አለች ፋንታዬ። "ለቦልቴ ወገን ብቻ ነው የማትዳረው። እነሱ ወንድሞቿ ናቸው።"

"እሱማ ምን አለበት!" ጩማ ሳቀ። "ከየብስ ሰው ባል የሚፈልግ ማን አለ? ዋና እንኳ የማይችል!"

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። በኃይሉ ትርጉሙ ባይገባውም ሳቅ መሆኑን አይቶ አብሮ ሳቀ። ቦልቴም ሳቀ። ፋንታዬ ጎንበስ ብላ ያልተፈታውን የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች።

መሐላው ከአንድ ቅል በአንድ ጊዜ መጠጣት ነው፤ ሁለት ሰው ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ። ቱልጋዎች ቦርዴ አቀረቡ። ቦልቴ አሸተተውና መለሰው፤ "እኔ አማኝ ነኝ፤ ጠላ ይሁን ቦርዴ አልቀምስም" አለ። ስለዚህ የፍየል ወተት ታለበ። "ሕፃናት ነን እንዴ በወተት የምንምለው?" እያለ ጩማ ቢያጉረመርምም ጉንጩን ከቦልቴ ጉንጭ ጋር አጣብቆ ጠጣ። ወተቱ በሁለቱም አገጭ ላይ ወረደ። እልል ተባለ። በኃይሉ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ማኅተሙን ከቀለሙ ሰሌዳ ላይ ጫን አድርጎ፣ ለሕዝቡ እንዲታይ ወደ ላይ አነሣው። ሕፃናቱ ሐምራዊውን ክብ ለማየት ተጋፉ።

ቦልቴ ወተቱን ከጢሙ ላይ ሳይጠርግ ወደ ፋንታዬ መጣ። ሁለት እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጫነ።

"ልጄ ሆንክ" አላት፤ በአማርኛ፣ ማኅተም ባለበት። ዓይኑ እንባ አቅሯል።

"አዎ፣ አባቴ" አለች።

ቦሼ ከጎን ሆና ይህን ስታይ ነበር። የፋንታዬን ክንድ ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት።

"እኛስ ከዚህ ውሃ አንወጣም፤ ለኛ ግድ የለም" አለች በቱልጋ። "አንቺ ግን በየብስ ነው የምትኖሪው። ሰው የለሽም?"

"ነበረኝ።"

"የማን ልጅ?"

የፋንታዬ ዓይን ሳታዘው ወደ ቦልቴ ሄደ፤ ቦሼም የዓይኗን መንገድ ተከትላ ሽማግሌው ጋ ደረሰች። መጀመሪያ አፏ ተከፈተ። ከዚያ ዱላዋን መሬት ላይ መታች፤ ጭብጨባው ሁሉ ቀጥ አለ። ቦልቴ ፊት ሄዳ ቆማ፣ ጣቷን ደረቱ ላይ ቀስራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር ጀመረች።

"ምን አለች?" አለ በኃይሉ ደንግጦ።

ፋንታዬ ቀኑን ሙሉ ለበኃይሉ አንድም ውሸት አልተረጎመችም ነበር።

"ትመርቃለች" አለች።

ቦልቴ ወዲያው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አደረገ። "አሜን፣ እናቴ!"

"የጠጣኸው ወተት አንጀትህ ውስጥ ድንጋይ ይሁን!" አለች ቦሼ።

"አሜን!"

"ቤትህ ውሃ ይግባበት!"

"አሜን፣ አሜን!"

"ዘርህ..."

ፋንታዬ ዘላ የአክስቷን አፍ በመዳፏ ከደነች። አሮጊቷ ከመዳፏ ሥር ታገለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሿ ያቃጥላል።

"ተዪ፣ አክስቴ" አለች ፋንታዬ ጆሮዋ ሥር። "ዘሩ እኮ አሁን እኛ ነን።"

ቦልቴ ራሱን ዝቅ እንዳደረገ፣ የቀረውን ምርቃት ይጠብቅ ነበር።